የምስጋናው አቧራ

ይህን የምነግራችሁን አገር ካርታ ላይ አታገኙትም፤ ስትፈልጉ አትድከሙ። ስሙ ውለታ ነው። ከሐይቁ ወዲህ፣ ከተራራው ወዲያ ነው እንበልና እንለፈው። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስስቅባቸው ሰምታችሁ ጠላታቸው እንዳልመስላችሁ ነው። ማመስገን የሚችል ሰው አይቻለሁ፤ እንደ ውለታ ሰው የሚያመሰግን ግን አላየሁም። መንገድ ያሳያቸውን እንግዳ እስከ ወንዝ ማዶ እየተከተሉ ያመሰግኑታል፤ በዚህም ምክንያት ስንቱ መንገደኛ ቀጠሮው አልፎበታል።

በውለታ ያለው ሕግ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ስጦታ ያለ ምስጋና አይወሰድም ይላል። ሁለተኛው፣ ምስጋናው ከስጦታው አይነስ ይላል። ነገር ያመጣው ሦስተኛው ነው፤ «ስጦታን ባለቤቱ እንጂ ተቀባዩ በእጁ አይንካው» ይላል።

ይህ ሦስተኛው ሕግ የወጣው በአንድ ደግ ንጉሥ ዘመን ነው። ለንጉሡ ከሩቅ አገር ሰዓት ተላከላቸው። ከመውደዳቸው የተነሣ ሲያገላብጡት፣ ሲከፍቱት፣ ሲዘጉት ሰነበቱና በስምንተኛው ቀን ሰዓቱ ቀጥ አለ። ያመጣው መልእክተኛ ገና ከግቢው አልወጣም ነበር። አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ንጉሡ ግን በኀፍረት እህል አልቀምስ ብለው ዋሉ፣ አደሩም። ሲነሡ ሕጉን አወጁ። ሰዓቱ እስከዚህ ታሪክ ድረስ ዋናው አደባባይ ላይ ተሰቅሎ አራት ሰዓት ከሩብ እንዳለ ነበር። የከተማው ሰው በፊቱ ሲያልፍ ባርኔጣውን እያነሣ እጅ ይነሣዋል።

ከዚያ ወዲህ ውለታ ውስጥ ስጦታ አይነካም። በየመንደሩ ብትዞሩ የእህል ወፍጮው ከነመጠቅለያ ላስቲኩ፣ ትራክተሩ ከነአበባ ጉንጉኑ ቆሞ ታያላችሁ። ሴቶች ያንን ወፍጮ በአክብሮት ዞር ብለው እያለፉ ሌላ አገር ሄደው ያስፈጫሉ። ሞኞች ናቸው እንዳትሉ። የሰጪን ልብ እንዳይሰብሩ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ፍርሃታቸው ግን ድካም አበዛባቸው።

ስጦታን የሚያስተናግድ የምስጋና ጽሕፈት ቤት አለ። የበላዩ ሊቀ ምስጋና ዘገየ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። በሥራቸው የሰሌዳ ሹም አለ፤ ሥራው የሰጪውን ስም ከስጦታው በሚበልጥ ሰሌዳ ላይ ማስጻፍ ነው። የመቀስ ሹምም አለ። የምርቃት ሪባን የሚቆረጥበትን መቀስ በከፋይ ትራስ ላይ አድርጎ ከመንደር መንደር ይዞራል። መቀሱ ራሱ ስጦታ ስለሆነ ተስሎ አያውቅም። እና አንድ ሪባን ለመቁረጥ ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጃል፤ እንግዶቹም ሹሙም ላብ በላብ ይሆናሉ፤ ሕዝቡ ግን ሪባኑ ተበጥሶ እስኪወድቅ እልል ይላል።

አሁን ወደ ደረቅ አፋፍ እንሂድ። ደረቅ አፋፍ በውለታ ዳር ያለች መንደር ናት። ከበታቿ ድፍርስ የሚሉት ወንዝ ይወርዳል። ላይኛው ወንዝ አልቅት አለበት፤ ታችኛው ከብት ይጠጣበታል፤ መካከሉ ደግሞ ሁለቱም አሉበት። ውሃውን አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ማገዶ በአካባቢው ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ ሰው እንዳለ ይጠጣዋል፤ ሆዱን የሚታመመውም የሚሞተውም በዚያ ነው።

በዚህች መንደር ደብሪቱና አንሙት የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ደብሪቱ የታወቀች አንፋሽ ናት። ጤፍ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲከመር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ እብቁ የት ሄዶ እንደሚያርፍ እንደሷ የሚያውቅ የለም። ሰው እሷ «አሁን» ሳትል ሰፌድ አያነሣም። አንሙት ደግሞ ረገዳ መሪ ነው። ምድሩን በእግሩ ሲመታው ደረት ውስጥ ይሰማል። በምስጋና በዓል ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ የሚሰጠው ሌላ ነገር የለውምና እግሩን ይሰጣል። ይህ አንሙት ሁለት ዓመት ሙሉ በሆድ ሕመም ሲማቅቅ ኖሮ፣ የጤና ኬላዋ ነርስ መርምራው በመጨረሻ እንዲህ አለችው፦

«አባቴ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ዳግመኛ የወንዝ ውሃ ቢጠጡ ግን አንጀትዎ አይችለውም። እኔም ሁለተኛ ላድንዎ አልችልም።»

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ምን ልታደርግ ትችላለች? ከወንዙ ሌላ ውሃ የለም። ቤቷ ገብታ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ አለቀሰች።

በዚያው ወር ከሐይቁ ማዶ አንዲት እመቤት መጣች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ቋንቋቸውን በልምድ የምትሞክር። ከጎረቤቶቿ ጋር ማኅበር አቋቁማ፣ ኬክ እየጋገሩ፣ ሹራብ እየሠሩ ሸጠው ባገኙት ጉድጓድ አስቆፈረች። ጉድጓዱ ውስጥ ፓምፕ አስገባች። በአጠገቡ በብረት እግር ላይ አራት ጥቁር መስታወት የመሰሉ ነገሮች አቆመች፤ እነ እመቤቷ ሶላር ይሏቸዋል፣ ደረቅ አፋፎች ግን የፀሐይ ገበታ አሏቸው። ፀሐይ ገበታው ላይ ስትወጣ ፓምፑ እንደ ንብ እዝ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ቦኖው ይወርዳል። ለጤና ኬላዋም መብራት ገባላት። ውሃው መጀመሪያ ሲወርድ ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ እስከ ሥሩ የሚታይ ውሃ አይቶ ስለማያውቅ አፍጥጦ ተመለከተው። አንሙት በጣሳ ጠጣና «ምንም አይልም» አለ። ጣዕም የሌለው ውሃ ሲጠጣ የመጀመሪያው ነበር።

እመቤቷ ስትሄድ አንድ አረንጓዴ የብረት ሳጥን ለሊቀ ምስጋና አስረከበች። «ዋናው ነገር እዚህ ውስጥ ነው» አለቻቸው። ሊቀ ምስጋናም ዋናው ነገር እንደሚከበረው አከበሩት። ሳጥኑን በግምጃ አስጠቀለሉት፤ በየመታሰቢያው በዓል አራት ሰው ተሸክሞት፣ ጃንጥላ ተዘርግቶለት ቦኖውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚከፍተው ግን የለም፤ ሕጉን ታውቁታላችሁ።

ቦኖውን መክፈት ራሱ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ነበር። መዘውሩን ማዞር ስጦታ መንካት ነው ወይስ አይደለም? ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሳምንት ተሰብስቦ «ሕጉ በእጁ አይንካው ይላል እንጂ በክርኑ አይልም» ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ አፋፍ ውሃ የሚቀዳው በክርን ሆነ። እርጉዟም፣ ሽማግሌውም፣ ጄሪካን በጀርባው ያዘለውም ጎንበስ ብሎ መዘውሩን በክርኑ ሲያዞር ታዩታላችሁ። ለምደውት ያምርባቸዋል።

አንሙት ዳነ። ፊቱ መለስ አለ፣ ሱሪው መጥበብ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት መታሰቢያ እመቤቷ መጥታ ስታየው፣ ከፊት ሆኖ እንደዚያ ሲረግድላት አለቀሰች። ሳጥኑ በጃንጥላ ሲዞር አይታ ደግሞ ሳቀች፤ ውብ ልማድ መስሏት ምንም አልጠየቀች።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ ውሃው መቅጠን ጀመረ። መጀመሪያ የአውራ ጣት ያህል ነበር፣ የትንሽ ጣት ያህል ሆነ፣ ከዚያ እንደ ክር ሆነ። የጤና ኬላዋም መብራት ፈዘዘ። ሊቀ ምስጋና ከነሹሞቻቸው መጥተው መንደሩ ውስጥ ሰፈሩ፤ ቦኖውን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምስጋናችን ሳስቷል» አሉ። «በዓመት አንዴ የሚመሰገን ውሃ እንዴት አይከፋው? በየወሩ ይሁን።»

በየወሩ ሆነ። ውሃው ባሰበት። በየሳምንቱ ሆነ። ይብስ ቀጠነ። በመጨረሻ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ እንዲረግድ ታዘዘ። ምስጋና የሚቀርበው በስጦታው ፊት ለፊት ስለሆነ ረገዳው ከፀሐይ ገበታው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ደግሞ በበጋ ዱቄት ነው። አንሙት ከፊት ሆኖ የውሃው ነገር ስላስጨነቀው ከቀድሞው እጥፍ አድርጎ ምድሩን ይመታዋል።

ለየቤቱ የሚደርሰው ውሃ አንድ ጄሪካን ሆነ፣ ከዚያ ግማሽ። ደብሪቱ ያመጣችውን ሁሉ ለአንሙት በእንስራ አስቀመጠችና እሷ ተደብቃ ድፍርስ ትጠጣ ጀመር። እሱ አያውቅም። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው የምትጠጪው?» ሲላት «ከጎረቤት ጠጥቼ መጣሁ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ ከረገዳው ቀርታ አፋፉ ላይ ባለው አውድማ የሰው ጤፍ እያነፈሰች ነበር። ነፋስ ለማየት ቀና ስትል ከሜዳው የረገዳው አቧራ ሲነሣ አየች። እጇ ሰፌዱን እንደያዘ ቀረ። አቧራው ተነሣ፣ በምዕራብ በኩል ዞረ፣ እንደ እብቅ ሄዶ ሄዶ አራቱ ገበታዎች ላይ ተኛ። ነገሩ ወዲያው ገባት። ክረምቱን ደመና እያለ ውሃ ያልጎደለው ለምን እንደሆነም ገባት፤ ክረምት ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አይረገድበትም ነበር፣ ገበታውንም ዝናብ ያጥበው ነበር። አሁን ግን ምስጋናው ነው ውሃውን የሚዘጋው። ከሁሉ አብልጦ የሚዘጋው ደግሞ የአንሙት እግር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለባል እንዴት ይነገራል? ሁለት ቀን ዋጠችው። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንሙት።»

«ወይ።»

«ስትረግድ አቧራው ወዴት እንደሚሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

«የሚረግድ ሰው አቧራ ያያል እንዴ? ሽቅብ ነው የማየው።»

«እኔ አየሁት። ሄዶ ገበታው ላይ ነው የሚተኛው። ጥቁር አልነበረም እንዴ? ዛሬ ሂድና እየው፣ የአህያ ጀርባ መስሏል። ፀሐይ በምን ትግባበት?»

አንሙት ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«እና ውሃውን ያደረቀው እግሬ ነው ነው የምትዪኝ?»

«ያንተ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ያንተ ግን ይበረታል።»

በንዴቱ መካከል «ያንተ ግን ይበረታል» ያለችው ደስ እንዳለው አይታለች፤ አርባ ዓመት አብራው ኖራ አይደል። ቢሆንም ድምፁ ተሰበረ።

«ደብሪቱ፣ እኔ ምን አለኝ? መሬቴ ጠፍ፣ በሬዬ አንድ። ያቺ ሴት ሐይቅ ተሻግራ መጥታ ነፍሴን ስታተርፍልኝ፣ የምሰጣት ይህን እግር ብቻ ነው። እሱንም ልትከለክዪኝ ነው?»

እሱም ምሳውን ትቶ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ከፊት ቆሞ ረገደ።

ደብሪቱ በማግስቱ ሊቀ ምስጋና ዘንድ ሄደች። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት ዓይነት ሪባን ዘርግተው ያማርጡ ነበር።

«ጌታዬ፣ የፀሐይ ገበታው ቆሽሿል።»

«ስጦታ አይቆሽሽም፣ ልጄ። ተሸፈነ በይ።»

«እሺ፣ ተሸፍኗል።»

«በምን?»

«በአቧራ።»

«ከየት የመጣ አቧራ?»

«ከረገዳው ነው፣ ጌታዬ።»

ሊቀ ምስጋና ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እንግዲያውስ ምስጋናችን ደርሷል! እስከ ዛሬ ምስጋና በዓይን ታይቶ ያውቃል? እኛ ግን ይኸው ስጦታው ላይ አርፎ አየነው!» አሉና የሰሌዳ ሹሙን አስጠርተው ይህንኑ እንዲያስጽፍ አዘዙት።

«ጌታዬ፣ ይጠረግ ነው የምለው።»

«ማን ይጥረገው? ባለቤቷ እመቤት ለሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ ትመጣለች። አምስት ሳምንት ቢቀር ነው። ታገሺ።»

«አንሙት አምስት ሳምንት አይቆይልኝም።»

ሽማግሌው ሪባኖቹን ወደ ጎን ገፏቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ከጓዳ የራሳቸውን የቀን ድርሻ፣ ሁለት ሊትር የማይሞላ ውሃ፣ በእጃቸው አምጥተው ሰጧት። «ለአንሙት አጠጪው» አሉ። ደብሪቱም ለዚያ ውሃ በሕጉ መሠረት ማመስገን ስለነበረባት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እዚያው ተቀምጣ አመሰገነች።

ከአራት ቀን በኋላ ቦኖው ፈጽሞ ቆመ። ፓምፑም ዝም አለ። ሕዝቡ ጄሪካኑን ይዞ ወደ ድፍርስ ወረደ። አንሙት እንስራው ውስጥ ያለውን ጣሳ በጣሳ እየቆጠበ ጠጣ። በማግስቱ ደብሪቱ እንስራውን ብታዘነብለው እፍኝ የሚሞላ ቀርቶታል። አንሙት አያትና «ምን ይደረግ፣ ነገ እኔም ወንዝ እወርዳለሁ» አለ። እንደ ዋዛ ነው ያለው።

ወፍ ሲንጫጫ ደብሪቱ ተነሣች። ሙቀጫዋን ተሸክማ፣ አሮጌ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ሜዳው ሄደች። ገበታው ላይ ጤዛ ወርዶ አቧራውን አርሶታል። ሙቀጫውን ደፍታ ወጣችበት። እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ፈርታ ነበር፤ ሕጉን ሳይሆን እመቤቷን፣ ያቺን ደግ ሴት፣ የምታስቀይማት መስሏት ነበር። «ይቅር በዪኝ» አለችና ጠረገች። በነጠላው ጫፍ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጠረገች፤ ጭቃው ክንዷ ላይ ወረደ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ሚዛኗን ስታ እጇን መስታወቱ ጥግ ላይ አሳረፈች። ጨርሳ ሙቀጫዋን ተሸክማ ተመለሰች።

ፀሐይ ወጣች። ፓምፑ ድምፁን አሰማ። ቦኖው በቆመበት ቀን በክርን እንደተከፈተ ቀርቶ ነበርና ረፋዱ ላይ ውሃው የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ወረደ፤ ማንም ሳይቀዳው መሬቱ ራሰ። ያን ቀን የነበረውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። አንሙት ውሃውን ሲጠጣ ቆማ አየችው። እሱም ስትጠጣ አያት፤ ንጹሕ ውሃ ያን ያህል ናፍቋት እንደከረመች ግን አላወቀም።

ሊቀ ምስጋና «አላልኩም?» አሉ። ምስጋናው ሠርቷል ተብሎ ታላቅ በዓል ሊታወጅ ሲል የመቀስ ሹሙ ገበታውን በሩቁ ሲቃኝ ከአራተኛው ጥግ ላይ አምስት ጣት አየ። የሰው እጅ፣ ቁልጭ ብሎ የወጣ። ጩኸቱ ሁሉ ቀጥ አለ። ሹሙ ሕዝቡን አሰልፎ የእያንዳንዱን መዳፍ ሊለካ ገመድ ሲያወጣ ደብሪቱ ከሰልፉ ወጣች።

«አትድከሙ፣ የኔ ነው» አለች።

ቅጣቱ ምን እንደሆነ የሕጉ መጽሐፍ ቢገለጥ ቅጣት አልተጻፈም። ሕጉን ያወጁት ንጉሥ እንዲህ የሚደፍር ይኖራል ብለው አላሰቡም። ስለዚህ ነገሩ እመቤቷ እስክትመጣ እንዲቆይ፣ እስከዚያው ግን ለተነካው ስጦታ የይቅርታ ረገዳ በየቀኑ እንዲደረግ ተወሰነ። መሪው አንሙት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ወጣ። ከበሮው ተመታ። አንሙት ከፊት ቆመ። ሽቅብ አላየም፤ ገበታውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን፣ ከዚያ እግሩን። ከበሮው ሁለተኛ ተመታ፣ ሦስተኛ ተመታ። አንሙት እግሩን አላነሣም።

«ምን ሆነሃል?» አሉት ሊቀ ምስጋና።

«እያመሰገንኩ ነው፣ ጌታዬ። ቆሜ ነው የማመሰግነው።»

ከኋላው የነበረው ሁሉ መሪውን መከተል እንጂ ሌላ አያውቅም፤ እሱም ቆመ። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ብቻውን መታ መታና ተወው። ያን ቀን፣ በማግስቱም፣ እመቤቷ እስክትመጣ ድረስ ደረቅ አፋፍ ቆሞ አመሰገነ። አቧራ አልተነሣም። ውሃውም አልቀጠነም፤ ማንም ግን ለምን እንደሆነ አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ደብሪቱ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ባሏን «እግርህን ብጠላው ኖሮ አርባ ዓመት አላጥበውም ነበር» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

እመቤቷ መጣች። ሪባኑ እስከ ምሳ ተቆረጠ። ሳጥኑ በጃንጥላ ዞረ። ከዚያ ችሎት ተቀመጠ፤ ደብሪቱም መካከል ቆመች። ሊቀ ምስጋና ሕጉን አንብበው ነገሩን ሲያስረዱ እመቤቷ መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ሳጥኑን አልከፈታችሁትም?»

«እንዴት እንደፍራለን፣ እመቤቴ!»

«እባካችሁ ክፈቱት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሊቀ ምስጋና አሰቡ አሰቡና ደብሪቱ መቼም አንዴ ነክታለች፣ እሷው ትክፈተው አሉ። ግምጃው ተፈታ፣ ክዳኑ ተነሣ። ውስጡ ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ ሁለት መፍቻ፣ ለቦኖው የሚቀየር የላስቲክ ቀለበት አለ። ከላይ አንድ ወረቀት ነበር፤ ጽሑፍ የለበትም፣ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ቆማ የፀሐይ ገበታ ስትጠርግ የሚያሳይ ሥዕል ብቻ ነው። ሕዝቡ ሥዕሉን አየ፣ ደብሪቱን አየ።

እመቤቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ባለፈው ዓመት ይህን ሳጥን በጃንጥላ ሲዞር አይቼዋለሁ። እንዴት አልጠየቅኩም? ስትረግዱልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ገበታውን አላየሁትም፤ እናንተን ብቻ ነበር የማየው።»

ሊቀ ምስጋና ግን ሕግ ሕግ ነውና ችሎቱን ቀጠሉ። «የነካው ባለቤቱ ከሆነ ጥፋት የለም፤ ካልሆነ ግን አለ። እመቤቴ፣ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። ሰጥቼዋለሁ።»

«የመንግሥት ነው?» ብለው ወደ ሹሞቻቸው ዞሩ። የሰሌዳ ሹሙ ደንግጦ «የኛ ከሆነማ ማንን እናመሰግናለን? ጽሕፈት ቤቱ መዘጋቱ ነው!» አለ። የመንግሥት እንዳልሆነ ተመዘገበ።

«የመንደሩ ነው?» ሕዝቡ በይሉኝታ ወደ ኋላ ሸሸ። «ኧረ ጌታዬ፣ እኛ ምን አለን! እኛ ተቀባዮች ነን!» አለ ሁሉም።

የቀረችው ደብሪቱ ብቻ ናት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በውለታ ባለቤት መሆን ክብር አይደለም። ባለቤት የሚያመሰግነው ሰጪ የለውም፤ የሚያመሰግነው ሰጪ የሌለው ሰው ደግሞ በበዓል ቦታ አይሰጠውም፣ ከጎረቤት ጋር አይቀመጥም፣ ንብረቱ ሲሰበር «ለሰጪው ልንገር» ማለት አይችልም። ብቻውን ነው የሚቆመው።

«ደብሪቱ፣ ያንቺ ነው?»

ደብሪቱ አንሙትን አየችው። ሱሪው ወገቡ ላይ ጠብቆ፣ ጉንጩ ሞልቶ ቆሟል።

«የሚጠርገው ከጠፋ፣ አዎ። የኔ ነው» አለች።

ሕዝቡ በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። ሊቀ ምስጋናም እንባቸውን እየጠረጉ ፈረዱባት፦ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የዚህ ውሃ ባለቤት ትሁን፤ ትጥረገው፣ ላስቲኩን ትቀይር፣ ቢሰበር ታብጅ፤ በምስጋና በዓልም ቦታ አይኑራት።

ያኔ አንሙት ከሰው መካከል ወጣ። በዚያ በሚያስፈራው እግሩ ቀስ ብሎ፣ አቧራ ሳያስነሣ ሄደና መዳፉን ገበታው ላይ አሳረፈ።

«እኔም ነካሁ» አለ። «ከሷ ጋር ፍረዱብኝ።»

ነርሷ ተከተለችው። ከዚያ እንስራ ሠሪዋ፣ ከበሮ መቺው፣ እርጉዟ መጡ፤ መራመድ ያቃታቸውን አዛውንት ተሸክሞ ልጃቸው መጣ። ሰው ሁሉ እየነካ ፍርዱን ተቀበለ። ሲመሽ በደረቅ አፋፍ ያልተፈረደበት ሰው አልቀረም። በዓል ላይ ቦታ የተከለከለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ስለሆነ፣ በዓሉ እዚያው ሆነ። የመቀስ ሹሙ በማግስቱ ከመንደሩ ሲወጣ መቀሱ የተሳለ ይመስል ነበር፤ ማን እንደሳለው አልጠየቅሁትም።

ዛሬ በደረቅ አፋፍ ቦኖ የሚከፈተው በእጅ ነው፤ አንዳንድ አሮጊቶች ግን ለምዶባቸው በክርን ይከፍታሉ። ረገዳው ከቦኖው ሥር ወደ በቀለው ለምለም ሣር ተዛውሯል። አንሙት አሁንም ከፊት ነው። ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት በጤዛ ትጠርጋለች፤ ተራዋ ባልሆነ ቀንም ትሄዳለች፣ ሰው በደንብ አይጠርግም ብላ።

ወሬው ዋና ከተማም ደረሰ። አንድ የከተማ ሰው ደፍሮ አደባባዩ ላይ ያለውን የንጉሡን ሰዓት አውርዶ ከፈተው። አልተሰበረም ነበር። የሚሞላበት ቁልፍ ከጀርባው አለ፤ ሲጠመዝዘው መቁጠር ጀመረ። ያን ሁሉ ዘመን የጎደለው የሚሞላው እጅ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህን ነገር ሰጠኋችሁ። አደራ፣ እንዳታመሰግኑኝ። የናንተ ነው፤ አቧራ ሲይዘው ጥረጉት።